አፈሙዙ ሲያጥር ጋዙ ለምን ያስቸግራል? ከኤም ዋን እስከ ዛሬዎቹ አጫጭር ጠመንጃዎች

ጠያቂ፦ የቃኘው የልጅ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ወንድ አያቴ በ1944 ዓ.ም. ከ2ኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ዘምተው ነበር። በሕይወት ሳሉ ስለ ጦርነቱ ብዙም ባያወሩም፣ ስለ ጠመንጃቸው ስለ ኤም ዋን ሲነሣ ግን አንደበታቸው ይፈታ ነበር። ጥሩነቱን አመስግነው ሳይጨርሱ፣ «ለኮሪያ ተራራ ግን ረዘመ፤ ከበደም» ይሉ ነበር። በእርሳቸው ቃል ተነሣስቼ ሳነብ፣ አሜሪካኖች ይህንኑ ጠመንጃ ለማሳጠር ከኮሪያ ጦርነት በፊት ሞክረው እንደተዉት ተረዳሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚህ ነው። ጀርመኖች የማውዘራቸውን አፈሙዝ ከ740 ሚሊ ሜትር ወደ 600 ሚሊ ሜትር አውርደው በ1935 ካር 98 ካ የተባለውን ጠመንጃ ለጦራቸው ሲያስታጥቁ፣ ድምፁና ነበልባሉ ከመጨመሩ በቀር አሠራሩ ላይ የደረሰ እክል አላነበብኩም። በአገራችንም አጭሩን ጠመንጃ ሽማግሌዎች ጓንዴ ሲሉት ሰምቻለሁ እንጂ «አጥሮ ተበላሸ» ሲሉ አልሰማሁም። በጋዝ የሚሠሩት ጠመንጃዎች ታሪክ ግን የተለየ ነው፤ ባጠሩ ቁጥር ጥይት ይነክሳሉ፣ ቀለህ አይተፉም፣ ዕቃቸው ይሰበራል ይባላል። የጋዙ ቀዳዳ፣ ማለትም ጋዙ መዝጊያውን ሊከፍት ከአፈሙዙ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ በነበረበት ቦታ ቢቀርና ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ብረት ብቻ ቢቀነስ፣ ጥይቱ ቀዳዳውን ሲያልፍ ያለው የጋዝ ግፊት ያው የበፊቱ አይደለምን? ታዲያ ጠመንጃው ለምን ይደክማል?

ጥያቄዬ የታሪክና የፊዚክስ ነው። መሣሪያ የለኝም፣ የማስተካክለውም ነገር የለም።

—

መልስ 1፦ ጡረተኛው መካኒክ

ጥያቄዎ ጥሩ ቦታ ላይ ያረፈ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ነው። ግፊትን ብቻ አስበው ጊዜን ረስተዋል።

ማውዘርን በመጀመሪያ እንገላግለው። የማውዘርን መዝጊያ የሚከፍተው የተኳሹ እጅ ነው። ጥይቱ ከወጣ ከአንድ ሰከንድ በኋላም ሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢከፍተው ለጠመንጃው ለውጥ የለውም። ስለዚህ አፈሙዙን ሲያሳጥሩት የሚቀነሰው የጥይቱ ፍጥነት፣ የሚጨምረው ድምፅና ነበልባል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጣጣ የለውም። በጋዝ የሚሠራው ጠመንጃ ግን መዝጊያውን የሚከፍትለት ያው ጥይቱን የሚገፋው ጋዝ በመሆኑ፣ አፈሙዙ የጥይት መንገድ ብቻ ሳይሆን የሞተር ሲሊንደርም ጭምር ነው። ሲሊንደሩን ሲቆርጡ ሞተሩን እየቆረጡ ነው ማለት ነው።

ባሩዱ ሲቀጣጠል ግፊቱ በቀለህ ማረፊያው አካባቢ ከ3,000 አትሞስፌር በላይ ይደርሳል፤ ጥይቱ ወደ ፊት እየገሰገሰ ጋዙ የሚሰፋበት ቦታ እያገኘ ሲሄድ ደግሞ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ የጋዙ ቀዳዳ ወደ ኋላ በቀረበ መጠን የሚገባበት ግፊት ከፍተኛ፣ ወደ ጫፉ በራቀ መጠን ዝቅተኛ ይሆናል። ጥይቱ ቀዳዳውን እንዳለፈ ጋዙ ወደ ቀዳዳው መግባት ይጀምራል፤ ጥይቱ ገና በአፈሙዙ ውስጥ እስካለ ድረስ ደግሞ እንደ ውታፍ ሆኖ ጋዙን ከኋላው ያግተዋል። የአፈሙዙን ጫፍ ለቆ ሲወጣ ውታፉ ተነቀለ፤ ጋዙ በፊት በኩል ወደ አየር ይፈስሳል፣ በቀዳዳው ያለው ግፊትም ወዲያው ይወድቃል። ጥይቱ ከቀዳዳው እስከ ጫፉ ለመድረስ የሚፈጅበት ያ ቅንጣት ጊዜ ነው እንግዲህ ጠመንጃው ጉልበቱን የሚሰበስብበት።

ቅንጣት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ 20 ኢንች አፈሙዙን ኤም 16 ብንወስድ፣ ከቀዳዳው ወዲያ 7 ኢንች ገደማ ይቀራል። ጥይቱ እዚያ ሲደርስ በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ስለሚበርር፣ ያንን ርቀት የሚጨርሰው ከሰከንድ አንድ ሺኛ በአንድ አምስተኛው ያህል ጊዜ ነው። ከእርሱ ላይ 4 ኢንች ቆርጠው ቢጥሉ ግፊቱ ያው ነው፣ እርስዎ እንዳሉት፤ የሚገፋበት ጊዜ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። መዝጊያው የሚያገኘው ምት በግማሽ እጅ ስለሚቀንስ ወደ ኋላ ሄዶ ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ቀለሁን አይተፋም፣ ወይም ተፍቶ ቀጣዩን ጥይት ከካዝናው ሳያነሣ ያልፈዋል።

«ታዲያ ቀዳዳውን ማስፋት ነዋ!» የሚል ይመጣል። ቀዳዳ ሲሰፋ በዚያው አጭር ጊዜ ብዙ ጋዝ ይገባል፤ ጊዜው ግን አይረዝምም። መሣሪያው በንጹሕነቱና በአንድ ዓይነት ጥይት ደኅና ይሠራ ይሆናል፤ ብርድ ሲመጣ፣ ጥላሸት ሲጠራቀም፣ ባሩዱ ሲለወጥ ግን የሚያወላውልበት ቦታ አይኖረውም። «ቀዳዳውም ወደ ኋላ ይሂድ» የሚለው መፍትሔ ደግሞ ተቃራኒውን በሽታ ያመጣል። ጋዙ ገና ከፍተኛ ግፊት ላይ ሳለ ስለሚገባ መዝጊያው ቀድሞና ኃይለኛ ሆኖ ይከፈታል። በዚያች ሰዓት ቀለሁ በግፊቱ ተነፍቶ ከማረፊያው ግድግዳ ጋር እንደተጣበቀ ነው፤ መንጠቆው ሲጎትተው አንድም የቀለሁን ከንፈር ይቀደዋል፣ አንድም ራሱ ይሸነፋል፤ ውሎ አድሮም የመዝጊያው መቆለፊያ ጥርሶች ይሰነጠቃሉ።

ስለ አያትዎ ጠመንጃ። ኤም ዋን የጋዝ ቀዳዳው ከ24 ኢንቹ አፈሙዝ ጫፍ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ በመሆኑ፣ ከቀዳዳው እስከ ጫፉ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የነዳፊው የጆን ጋራንድ ብልሃት ግን በዚያ ቦታ ያለው ግፊት ዝቅተኛና ለስላሳ በመሆኑ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሰፊ ፒስተንና ረዥም የመግፊያ ዘንግ ሰጥቶ ከዝቅተኛው ግፊት በቂ ጉልበት አወጣበት። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ምርቶች በአፈሙዙ ላይ ቀዳዳ አልነበራቸውም፤ በጫፉ ላይ የተገጠመ ክዳን ጋዙን ይይዝ ነበር፤ ወደ ቀዳዳው የተዛወሩት ከ1940 ገደማ ጀምሮ ነው። በ1944 ኤም 1 ኢ 5 በሚል ስያሜ አፈሙዙን ወደ 18 ኢንች ሲያወርዱት፣ ቀዳዳውም 6 ኢንች ወደ ኋላ መሄዱ ግድ ሆነ። ያ ማለት የዘንጉ ርዝመት፣ የሞላው ሚዛንና የቀዳዳው ስፋት አንድ ላይ እንደ አዲስ መታሰብ ነበረባቸው።

በፓስፊክ ጫካ ለሚዋጋው ጦር ቲ 26 የተባለ ሌላ ሙከራ ተከተለ። በሐምሌ 1945 አስራ አምስት ሺህ እንዲሠራ ታዝዞ ነበር፤ ጃፓን እጅ ስትሰጥ ትእዛዙ ተሰረዘ። ሞካሪዎቹ የተማረሩት በዋናነት በነበልባሉና በድምፁ ነበር። ያንን ትልቅ ጥይት በ18 ኢንች አፈሙዝ መተኮስ አጠገብ ያለውን ሰው ጆሮ የሚቀጣ ነገር ነው።

—

መልስ 2፦ የማኅደር አገላባጭ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ «ባሩዱ ሲለወጥ» ተብሎ በአንዲት ሐረግ የታለፈው ነገር ግን የራሱ ታሪክ ያለው በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት።

ዩጂን ስቶነር የነደፈው ኤም 16 ወደ ቬትናም ሲላክ በሙከራው ጊዜ ከተተኮሰበት ባሩድ የተለየ፣ ክብ ፍሬ ያለው ባሩድ የተሞላ ጥይት ተሰጠው። ጥይቱ ከአፈሙዙ ጫፍ ሲወጣ ያለው ፍጥነት በመስፈርቱ ልክ ነበር፤ አዲሱ ባሩድ ግን የሚነድበት ሁኔታ የተለየ ስለሆነ በጋዙ ቀዳዳ ላይ የሚደርሰው ግፊት ከፍ አለ። ጠመንጃው ሳይነካ፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳይቆረጥለት፣ የጋዝ ሥርዓቱ ሚዛን ተናጋ። የተኩሱ ፍጥነት ጨመረ፣ ጥላሸቱ በዛ፤ የቀለህ ማረፊያው በክሮም ያልተለበጠ መሆኑና ወታደሩ የመወልወያ ዕቃ ሳይሰጠው መላኩ ሲታከልበት ቀለሁ ማረፊያው ውስጥ ተቀርቅሮ የሚቀር ሆነ። የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት በ1967 ጉዳዩን በንዑስ ኮሚቴ አስመርምሮ ከባድ ትችት አቅርቧል። ከመፍትሔዎቹ መካከል የማረፊያው በክሮም መለበጥና ከሞላው ፊት የሚቀመጠው ማርገቢያ ክብደት መጨመር ይገኙበታል።

ይህን ያነሣሁት ጋዙ በአፈሙዝ ርዝመት ብቻ እንደማይበላሽ ለማሳየት ነው። ሙሉ ርዝመት ያለው ጠመንጃ በባሩድ ለውጥ ብቻ እንዲህ ከታመመ፣ ያጠረው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ደግሞም ማጠሩ የመጣው በዚያው ጦርነት መካከል ነው። ኮልት ኤም 16ን አሳጥሮ የሠራው ኤክስኤም 177 አፈሙዙ 10 ኢንች ነበር፤ የጋዙ ቀዳዳም ወደ ኋላ ተስቧል። ነበልባሉና ድምፁ ልክ ስላልነበረው 4 ኢንች ከሩብ የሚረዝም ማፈኛ መሰል ዕቃ በጫፉ ተገጠመለት። ቀጥሎ በመጣው ኤክስኤም 177 ኢ 2 አፈሙዙ ወደ 11 ኢንች ተኩል ተመለሰ፤ ሊቆርጡ ተነሥተው መልሰው አስረዘሙት ማለት ነው። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነበልባሉንና ድምፁን መቀነስ፣ ሌላው ቦምብ መወርወሪያ እንዲገጠምበት ማስቻል ነበር። እንደዚያም ሆኖ ከቀዳዳው ወዲያ የቀረው 4 ኢንች እንኳ አይሞላም። ያ የጫፍ ዕቃ ጋዙን ጥቂት ያግት ስለነበር ለአሠራሩ ረድቶታል፤ በአንጻሩ ጥላሸቱን አብዝቶበታል። ምርቱ በ1970 ገደማ ቆመ።

—

የቃኘው የልጅ ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጊዜ የሚለው ነገር ፈጽሞ አልታየኝም ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ የሩሲያው አጭር ክላሽ እንዴት ይሠራል? የአፈሙዙ ርዝመት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም!

—

መልስ 3፦ ጡረተኛው መካኒክ

ኤኬኤስ-74 ዩ ማለትዎ ነው። ተራው ኤኬ-74 የ415 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ሲኖረው እርሱ 206.5 ሚሊ ሜትር ብቻ አለው፤ ግማሽ ማለት ነው። ከ1979 ጀምሮ የታጠቁት ለታንክና ለሄሊኮፕተር ሠራተኞች፣ ለመድፈኞችና ለመሳሰሉት ነው። ጠመንጃ ዋና ሥራቸው ላልሆነ ሰዎች መሆኑን ልብ ይበሉ።

ያን ያህል የቆረጡት ሰዎች ችግሩን አላመለጡትም፤ በሁለት መንገድ ከፈሉበት። አንደኛው በአፈሙዙ ጫፍ ያለችው ወፍራም ቆብ ናት። ብዙ ሰው ነበልባል መሸሸጊያ ብቻ ትመስለዋለች፤ በውስጧ ግን ጋዙ የሚሰፋበት ክፍል አላት። ጥይቱ የአፈሙዙን ብረት ለቆ ወደዚህ ክፍል ሲገባ ጋዙ በቀጥታ ወደ አየር አይበተንም፤ ጥይቱ የፊተኛውን ቀዳዳ አልፎ እስኪወጣ ድረስ በክፍሉ ይታገታል፣ በጋዙ ቀዳዳ ላይ ያለው ግፊትም ቶሎ አይወድቅም። በሌላ አነጋገር ከአፈሙዙ ላይ የቆረጡትን ጊዜ በቆቧ መልሰው ገዙት። ሁለተኛው የክላሽ ተፈጥሮ ነው፤ ፒስተኑና የመዝጊያው ተሸካሚ አንድ ላይ የተያያዙ ከባድ ብረት ስለሆኑ፣ አንዴ ከተገፉ በያዙት ግስጋሴ ጥላሸቱን ጥሰው ይሄዳሉ።

ኪሳራው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኤኬ-74 ጥይቱን በሰከንድ በ900 ሜትር ሲያስወነጭፍ አጭሩ በ735 ሜትር ነው። ጥይቱ በዝቅተኛው ፍጥነት ሚዛኑን እንዳይስት የውስጡን ጠመዝማዛ መስመር ይበልጥ ማጥበቅ አስፈለገ፤ በ200 ሚሊ ሜትር አንድ ጊዜ ይዞር የነበረው በ160 ሚሊ ሜትር እንዲዞር ሆነ። ከዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። ቀጭንና አጭር ብረት ሁለት ሦስት ካዝና በተከታታይ ሲተኮስበት በእጅ የሚነካ አይሆንም።

—

መልስ 4፦ ነዋሪነቱ ቨርጂኒያ

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ አንድ ነገር፤ በዚህ በአሜሪካ የምንኖር ሰዎች ይህን ክር ስለምናነብ። ከ1934 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ መሥራት ወይም መያዝ አስቀድሞ ማስፈቀድና ማስመዝገብ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ከባድ ወንጀል ነው። «ጥቂት ብቻ ቆረጥኩት» የሚል መከራከሪያ አይሠራም።

ወደ ነገሩ ስመለስ፣ የኤም 16 አጭር ዝርያ የሆነው ኤም ፎር ሳይነሣ ይህ ውይይት ጎዶሎ ይሆናል። አፈሙዙ 14 ኢንች ተኩል ነው። ይህ እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ ቢባል፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሳንጃ ነው። ሳንጃው የሚያያዘው በጋዙ ቀዳዳ ላይ በተተከለው የፊት ዓላሚ ሥር ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ያለው ርቀት በኤም 16 ላይ ከነበረው ጋር እኩል ካልሆነ ሳንጃው አይገጥምም። ቀዳዳው ወደ ኋላ ሲሳብ ጫፉም በዚያው ልክ ተከተለው፤ ከቀዳዳው ወዲያ ያው 7 ኢንች ገደማ ቀረ። ስለዚህ ኤም ፎር የጊዜ ችግር የለበትም። ጡረተኛው መካኒክ የተናገሩት ሁለተኛው በሽታ፣ የግፊቱ መብዛት፣ ነው ያለበት። ጋዙ ቀድሞና ጠንክሮ ስለሚገባ የመዝጊያው ጥርሶች ከረዥሙ ጠመንጃ ቀድመው ይደክማሉ፤ የመንጠቆው ሞላ መጠንከር፣ ማርገቢያውም ክብደት መጨመር አስፈልጓል። በቅርብ ዓመታት የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች በተቀበሉት የተሻሻለ የላይ ክፍል ደግሞ አፈሙዙ እዚያው 14 ኢንች ተኩል ላይ ቀርቶ ቀዳዳው ጥቂት ወደ ፊት ተገፍቷል፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶ የተገኘ ቀላል መፍትሔ ነው።

ባሕር ኃይሉ ያስታጠቀው፣ ከኤም ፎር ያጠረው ኤም ኬ 18 ግን 10.3 ኢንች ነው፤ ከቀዳዳው ወዲያ 2 ኢንች ተኩል ገደማ ብቻ ይቀረዋል። እዚያ ሁለቱም በሽታዎች በአንድ ገላ ላይ ተገናኝተዋል፦ ግፊቱ ከፍተኛ፣ ጊዜው አጭር። የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ የሚሠራው ግን ቀዳዳው፣ ክብደቱና መንጠቆው ለእርሱ ብቻ ተለክተው ስለተሠሩለትና ዕቃው በጊዜው ስለሚለወጥለት ነው።

ጀርመኖች ኤችኬ 416 በተባለው ጠመንጃቸው የመረጡት መንገድ ሌላ ነው። ጋዙን በቱቦ ወደ መዝጊያው ተሸካሚ ከመላክ ይልቅ ከአፈሙዙ በላይ ባለች አጭር ፒስተን ላይ እንዲሠራና እዚያው ወደ ውጭ እንዲተነፍስ አደረጉ። ኖርዌይ በ2007 ተቀበለችው፤ ፈረንሳይም ኋላ ተከተለች። በዚያው በ2007 የአሜሪካ ጦር በአቧራ በሞላ ክፍል ውስጥ አራት ዓይነት መሣሪያዎችን በእያንዳንዳቸው 60,000 ጥይት ፈትኖ፣ ኤም ፎር 882 ጊዜ፣ ኤችኬ 416 ደግሞ 233 ጊዜ መቆማቸውን አስታውቋል። ሰዎች ይህን ቁጥር «ፒስተን ለአጭር አፈሙዝ ይሻላል» ለማለት ሲጠቅሱት አያለሁ። አልስማማም። ሙከራው አቧራን የፈተነ ነው እንጂ የአፈሙዝ ርዝመትን አልለካም፤ ለኤም ፎር ከተቆጠሩት መቆሞች ከፊሉም ከካዝናው የመጡ ነበሩ።

—

የቃኘው የልጅ ልጅ

የሳንጃው ነገር ወደ ቤቴ ፎቶግራፍ መለሰኝ። አያቴ ጠመንጃቸውን ይዘው የተነሡትን አሮጌ ሥዕል ዛሬ በማጉያ መነጽር ተመለከትኩት። በአፈሙዙ ጫፍ ሥር አንድ ወፍራም አጭር ቱቦ ይታያል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሳንጃ መያዣ ይመስለኝ ነበር። የጋዙ ሲሊንደር እርሱ ይሆን?

—

ጡረተኛው መካኒክ

እርሱው ነው። የልጅነት ግምትዎም ስሕተት አልነበረም፤ በኤም ዋን ላይ የሳንጃው መያዣም የፊት ዓላሚውም የተሠሩት በዚያው በጋዙ ሲሊንደር ላይ ነው። በ1944 ሊያሳጥሩት የተነሡት መሐንዲሶች አፈሙዙን ብቻ ቆርጠው መሄድ ያልቻሉት ለዚህ ጭምር ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ዓላሚውንም ሳንጃውንም ተሸክሞ ይመጣል። ፎቶግራፉን እዚህ ቢለጥፉት ደስ ይለን ነበር፤ የሲሊንደሩ መቆለፊያ ብሎን በግልጽ የሚታይ ከሆነ ጠመንጃው በየትኛው ጊዜ እንደተሠራ ጥቂት ሊጠቁመን ይችላል።